ሊቀ መንበሩ ወንበር አልነበራቸውም

ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አንድ ወዳጄ «አዲስ ፓርቲ ልናቋቁም ነው፤ ስሙን እይልን» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ከቃላት ጋር ስለምውል ስም ሲወጣ ይጠሩኛል። ለሕፃንም፣ ለሱቅም፣ አንድ ጊዜ ለሚኒባስም ተጠርቻለሁ፤ ለፓርቲ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ከላይ የሚወርድ ካለ ከታች ያለው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። በሩ ላይ የፓርቲው ጊዜያዊ ስም በወረቀት ታትሞ በፕላስተር ተለጥፏል፤ አንዱ ጥግ ተነቅሎ ይርገበገባል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አራት የፕላስቲክ ወንበር አለ። ሰዉ ዐሥራ አንድ ነው። ከዘራ የያዙ አዛውንት ዘግይተው ሲገቡ ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ብድግ አሉና «አባቴ፣ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ» ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው። አዛውንቱ «ኧረ በሞቴ፣ ልጄ!» ቢሉም ማን ሰምቷቸው። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሊቀ መንበሩም ግድግዳውን ተደግፈው እንደቆሙ መሩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ሊቀ መንበሩ ወንበር አልነበራቸውም። ለቀልድ ነበር የጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ግን ቀልዱ ከእኔ ሳይሆን ከቋንቋው እንደመጣ ገባኝ። መንበር፣ ወንበር፣ ነበረ። «ሊቀ» የምትለዋን ካወጣናት ዐረፍተ ነገሩ ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

«ነበረ» ዛሬ ያለፈን ነገር መንገሪያ ሆኗል። በግእዝ ግን «ተቀመጠ» ማለት ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ሳያስተውለው ሰምቶታል፤ ዲያቆኑ የተቀመጠውን ሰው ተነሥ ብሎ ሲያዝ መቀመጡን የሚጠራው በዚሁ ግስ ነው። የሚቀመጡበት ነገር መንበር ተባለ። ንጉሥ ሲቀመጥበት መንበረ መንግሥት፣ ታቦት ሲያርፍበት መንበረ ታቦት፣ ፓትርያርክ ሲቀመጥበት መንበረ ፓትርያርክ ሆነ። ያው ቃል ከቤተ መንግሥትና ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ሰው ቤት ሲገባ «መ»ው ወደ «ወ» ላላና ወንበር ተባለ። መንበርና ወንበር አንድ ዕቃ ናቸው፤ የተለያየው የሚቀመጥባቸው ሰው ነው። በቆሎ ተማሪ ቤትም አንድ መምህር ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል፤ ተማሪዎቹ መሬት ላይ ቢቀመጡም፣ እሱ ራሱ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥም።

የተቀመጠ ይቆያል፣ የቆየም ይኖራል። «ኖረ» ራሱ ከ«ነበረ» የወጣ ነው፤ «በ»ው መካከል ላይ ሟሙቶ ነው። ኑሮም ከዚያው ነው። ንብረትም እንዲሁ፤ በግእዝ መቀመጥን፣ አኗኗርን የሚል ቃል ነበር። አንድ ቦታ ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው ዕቃ ማጠራቀሙ አይቀርምና አማርኛ የተጠራቀመውን ንብረት አለው። (ዓሣ ነባሪን ግን እዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንዳታስገቡት። የድሮ ስሙ ዓሣ አንበሪ ነው፤ ሰዉ አንበሪ ምን እንደሆነ ሲጠፋበት ወደሚያውቀው ቃል ጎትቶ ነባሪ አደረገው። ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው መንገዱ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አያጣም፤ እኔም ወድቄበታለሁ።)

ከዚህ ዘር ለፖለቲካችን የደረሰው «ነባር» ነው። ነባር ፓርቲ ስንል አሮጌ ማለታችን ይመስለናል። ቃሉ ግን ዕድሜ አይቆጥርም፤ የተቀመጠ ነው የሚለው። ማስረጃ ካስፈለገ ሁለት ፓርቲዎችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ኢሕአፓ የተመሠረተው በ1964 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ የነበሩ ልጆች ዛሬ በሕይወት ያሉት አያቶች ሆነዋል፤ ፓርቲው ግን አንድም ቀን ሥልጣን ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ብልጽግና ደግሞ በኅዳር 2012 የተመሠረተ ነው። በወረቀት ካየነው ከስድስት ወር በፊት በግንቦት 2011 ከተቋቋመው ከኢዜማ እንኳ ያንሳል። ሆኖም ብልጽግናን አዲስ ፓርቲ ብሎ የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ሲወለድ ወንበር ላይ ነበር። ስሙንም ብትመለከቱ ባለቤትነት አለበት፦ «በለጸገ» የሚለው ግስ የተፈለፈለው ባለ ጸጋ ከሚለው ነው፤ ጸጋው ያለው፣ ባለሀብት እንደማለት። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ከተወዳደሩባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ሲወስድ ነባርነቱን አጸና እንጂ አልጀመረውም።

«አዲስ»ም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የአዲሶች ንብረት አይደለም። ግእዙ ሐዲስ ነው፤ ታደሰ፣ እድሳት፣ ተሃድሶ ሁሉ ከእሱ ነው። ኢሕአዴግ በ1993 ከውስጥ ሲሰነጠቅ «ተሃድሶ» አለ፤ በ2009 አገር ሲናጥበት ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ»። ወንበሩን ሳይለቁ አዲስ መባል የሚቻልበት ቃል ተገኘ ማለት ነው። ብልጥ ቃል ነው፤ አልወደውም።

እንግዲህ የተቀመጠው ይህን ያህል ቃል ካፈራ፣ ወንበር ያላገኘው ምን ሊያደርግ ነው? ይቆማል። ከዚህ ላይ ቋንቋው እጅግ ያስደንቀኛል፤ ማንም ሳያቅደው ሁለት ካምፕ ሠርቷልና። አዲስ ፓርቲ «ይቋቋማል»፤ ሥሩ ቆመ ነው፣ እንዲቆም ይደረጋል ማለት ነው። ከቆመ በኋላ «አቋም» ይይዛል፤ የአቋም መግለጫ ያወጣል። ገንዘብ የሌለው ፓርቲ የአቋም መግለጫ አያጣም። ነባሩን ፊት ለፊት ሲገጥም «ተቃዋሚ» ይባላል፤ ተቃወመ ማለት በግንባር ትይዩ ቆመ ማለት ነው። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን የሚቆሙት ሊቃውንት የሚደገፉት በትር መቋሚያ ነው፤ ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋም። የዚያች ክፍል መቋሚያ ግድግዳው ነበር። ይህ ሥር አንድ የሚያስፈራ ልጅም አለው፦ ቆሞ ቀር።

እንግሊዞች ለምርጫ «ይቆማሉ»፣ ካሸነፉ ፓርላማ ገብተው «ይቀመጣሉ»፤ አሜሪካኖች ደግሞ «ይሮጣሉ»። የእኛ ሰው ለምርጫ ሲቀርብ «ዕጩ» ይሆናል። ዕጩ ደግሞ ከ«አጨ» ነው፤ እጮኛ ያልነው ከዚያ ነው። ግእዙ ሐፀየ ይለዋል። ስለዚህ ዕጩ ተወዳዳሪ ቀለበት ያሰረ፣ ሠርጉ ግን ያልተቆረጠለት ሰው ነው። ትንሽ ፓርቲ ያለው ሀብት እጮኛ ብቻ ነው። እጮኛና ቆሞ ቀር በአንድ ምርጫ ቋንቋ ውስጥ መገናኘታቸውን ስነግራቸው እዚያ ክፍል ውስጥ የሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከ2010 ወዲህ የመንግሥት ሚዲያ «ተቃዋሚ»ን ትቶ «ተፎካካሪ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ተቃዋሚ የሚለው ቃል ጠላት መምሰል ጀምሮ ነበርና። ግን ቃሉን ስንፈታው ፎከረ ነው የሚወጣው። ጦር እየነቀነቀ፣ የገደለውን እየቆጠረ ፊት የሚወጣው ሰው ነው ፎካሪ። ከመቆም ወደ መፎከር መሄድ ማለስለስ ነው ወይስ ማክረር? ለማንኛውም ፎካሪም ተቀምጦ አይፎክርም። ትይዩ መቆምን የመሰለ ግልጽ ነገር መተዉ ግን ይቆጨኛል።

ፓርቲ የሚለው ቃል ራሱ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነው። ላቲኑ «ክፍል» ወይም «ድርሻ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ስለዚህ ፓርቲ ሲባል የሚሰማው ከሙሉው የተከፈለ አንድ ቁራሽ ነው። ቁራሽ መሆኑን አምኖ የተነሣ ስም። የፈንጠዝያውም ፓርቲ ያው ነው። በ1969ና በ1970 ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች የልጅ ልጃቸው «ማታ ፓርቲ አለብኝ» ሲል ክው የሚሉት ለዚህ ነው፤ በእነሱ ዘመን ፓርቲ የሄደ ልጅ አይመለስም ነበር።

ዓረቦች ግን ፓርቲን «ሒዝብ» ይሉታል። የእኛው ሕዝብ ነው። በተለያየ በር የገቡ ሁለት ወንድማማቾች መሆናቸውን ፊደሎቻቸው ይመሰክራሉ። ቤሩት ዘጠኝ ዓመት የሠራች የጎረቤቴ ልጅ ሒዝቡላህ የሚለውን ስም ስትሰማ መጀመሪያ «የእግዚአብሔር ሕዝብ» ማለት መስሏት ነበር። ቃል በቃል ብንሄድ አልተሳሳተችም፤ ለቤሩት ሰው ግን «የአላህ ፓርቲ» ነው። ብዙ ቁጥሩ ደግሞ ይብሳል። «አሕዛብ» በዓረብኛ ጋዜጣ ላይ የፖለቲካ ፓርቲዎች ማለት ነው፤ በቁርአን 33ኛው ሱራ ግንባር ፈጥረው የመጡትን ወገኖች ይጠራል፤ በእኛ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደግሞ እምነት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ሲል ግእዙን ብዙ ቁጥር ቢጠቀም ኖሮ አገሩን ሁሉ አሕዛብ ባለው ነበር። ሒዝብ ሌላም ትርጉም አለው፦ ቁርአን ለንባብ በስድሳ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ሒዝብ ይባላል። ድርሻ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ላቲኑ።

ይህን ያነሣሁት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በዓረብኛ ክፍል የሆነው ቃል በአማርኛ ሙሉው ሆኗል፤ ሕዝብ ሲባል ሁሉም ሰው ነው። አዲስ ፓርቲዎቻችን ስም ሲያወጡ ሕዝብን ስማቸው ውስጥ ለማስገባት የሚሽቀዳደሙትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ቁራሽ መሆን አይፈልጉም። ያቺ ክፍል ውስጥ የቀረበልኝ ስም ዘጠኝ ቃል ነበረው፤ ሕዝብ፣ አንድነት፣ ፍትሕ፣ ዴሞክራሲያዊ፣ ምኑ ቅጡ። ዐሥራ አንድ ሰው ለዘጠኝ ቃል። ወደ ሦስት አውርዱት አልኳቸው፤ አንዱ ወጣት «ሕዝብ ከወጣ ምን ቀረን?» አለኝ።

የቀራቸው አባል ነበር። አባልም በግእዝ የሰውነት ክፍል ነው፤ እጅ፣ እግር፣ ሥጋ። ሐኪም ቤት አባላዘር በሽታ ሲባል የምንሰማው አባለ ዘር ይኸው ነው፤ የዘር አካል ማለት። በ2000 በወጣው አዋጅ ቁጥር 573 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 1,500 መሥራች አባላት ይበቁ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ግን 10,000 ይጠይቃል፤ ለክልላዊ 4,000። ነባሩ ይህን ቁጥር በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ሊሞላው ይችላል። አዲሱ በአንድ እጅና በሁለት እግር ይጀምርና ሌላውን አካል በየክፍለ ሀገሩ ሲለቅም ዓመት ያልፍበታል። ጠረጴዛው ሥር የነበረው ካርቶን የፊርማ ፎርም ነበር። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት፤ ቤንዚን የነካው፣ ዝናብ ያራሰው፣ አንዱም የሕፃን እስክሪብቶ የጫረበት። አንድ ገጽ ላይ በጣት አሻራ የተፈረመ ነበር፤ ከአሻራው አጠገብ በሌላ ሰው እጅ «ገበሬ» ተብሎ ተጽፏል።

ጉልበት ሲያንስ መጣመር ይመጣል፤ ለዚህ ደግሞ አማርኛ ከማሳ ላይ ያመጣው ቃል አለው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ቀንበር ሁለት ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ እሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፦ በሬዎቹ ይጠመዱና ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይታረሳል። ይህ መቀናጆ ነው። በ1997 አራት ፓርቲዎች ተጣምረው ራሳቸውን ቅንጅት ሲሉ ስሙን ያወጣው ሰው ገጠር የሚያውቅ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ገበሬው ግን ወዲያው ገባው። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ ወንበር 137ቱን አሸነፉ። ከዚያ ምክር ቤት እንግባ አንግባ፣ ማን ይምራ፣ ማኅተሙ ማን ጋ ይቀመጥ በሚለው ተበታተኑ። መቀናጆ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም። በመቀናጆ በሬው የጋራ ሆኖ አያውቅም፤ የጋራ የሚሆነው ቀንበሩ ብቻ ነው፣ ለዚያውም እስከ ማታ። ሲመሽ እያንዳንዱ በሬ ወደየጌታው በረት ይነዳል። ፓርቲዎቹ ውሕደትን ፈልገው ቅንጅትን ስም አወጡ፤ ስሙ ውስጥ የነበረውም ደረሰባቸው።

ነባሩ ደግሞ ሌላ ስም ያወጣል። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ከ547ቱ ወንበር 545ቱን ሲይዙ «አውራ ፓርቲ» የሚለው ቃል ገነነ። አውራ ዋና ማለት ነው፣ ተባዕት ማለትም ነው፦ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና። ንብ አናቢ ዘንድ ግን አውራ መንጋዋን የምትገዛዋ ናት፤ የኢሕአዴግ የምርጫ ምልክት ደግሞ ንብ ነበር። አባቶቻችን ወንድ መስላቸው አውራ አሏት እንጂ የቀፎው እናት ናት። አናቢዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ቀፎው ሲጠብ መንጋውን ከፍላ የምትወጣው አዲሲቱ አይደለችም፣ አሮጊቷ አውራ ናት፤ ቤቱ ለምትፈለፈለው ይቀራል። በ2012 የግንባሩ መሥራች ሕወሓት ወደ ብልጽግና የሚወስደውን ውሕደት አልቀበልም ብሎ ሲወጣ ቀፎው በአዲስ ስም መቀጠሉን አስታውሳለሁ። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም።

አንድ ቃል ቀርቶኛል፦ ገዢ። የነባር ፓርቲ ሙሉ ማዕረግ ገዢ ፓርቲ ነው። «ገዛ» አስተዳደረ ነው፤ በገንዘቡ ሸመተም ነው፤ የራሱ አደረገም ነው። እግዚእ፣ ጌታ ማለት፣ ከዚሁ ሥር ነው፤ እግዚአብሔርም የአገር፣ የዓለም ጌታ። ግዛትና ግዢ አንድ አባት አላቸው። ቢሮ ውስጥ «ገዢው መጣ» ቢባል ሚኒስትሩ ይሁን የወረቀትና የቶነር ገዢው ከአነጋገሩ አይታወቅም። ሌሎች ቋንቋዎች ሥልጣንና ገንዘብን ለማገናኘት ረጅም ክርክር ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ አንድ ግስ አለን። አዲስ ፓርቲ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ቃል አይደፍረውም። «ስንገዛ» አይልም፤ «ስናስተዳድር» ይላል፣ ወይም «ሕዝብ ሲመርጠን»።

ከስድስት ወር በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ወጣሁ። በሩ ላይ ወረቀቱ የለም፤ በምትኩ በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ሰሌዳ ተሰቅላለች፤ ስሙ አራት ቃል ሆኗል። ሕዝብ የሚለው አልወጣም። ፊርማው ምን ያህል እንደደረሰ ስጠይቅ ወዳጄ ትከሻውን ነቀነቀ። ሊቀ መንበሩ መስኮቱ ጋ ቆመው ስልክ ያወራሉ። ባለ ከዘራው አዛውንት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ገና ሳያዩኝ ከዘራቸውን አንሥተው ግድግዳው ሥር ተደራርበው ወደቆሙት፣ ላስቲካቸው ገና ወዳልተላጠላቸው ሰማያዊ ፕላስቲኮች ጠቆሙኝ።

«ና ግባ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ስድስት ወንበር ገዛን!»